የምድር ቤቱ የሶላት ሰዓት

ጡረታ ስወጣ አንድም ሽበት አልነበረኝም። ጡረታ የምለው እኔው ነኝ እንጂ የስንብት ደብዳቤ የጻፈልኝ፣ ግብዣ አድርጎ የሸኘኝ አለቃ የለም። ሥራው ሞተ፤ እኔም ቀብሬው ወጣሁ። አሁን ከመሳለሚያ ሚኒባስ እነዳለሁ። ረዳቴ ታሪኬን ከሰማ ወዲህ፣ "ያኔም ድራይቨር፣ አሁንም ድራይቨር፤ ታዲያ ምኑን ነው የለወጥሽው?" እያለ ተሳፋሪ ያስቅብኛል። ይሳቅ። ያኛው ድራይቨር መሪም ፍሬንም የለውም። ግን እሱም ሰው ይገጫል። እንዴት እንደገጨ ልጻፈው።

አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር አባቴ ሁለት ነገር አቀረበልኝ፤ ባል ወይም ሱቅ። ሱቁን መረጥኩ። ሱቁ የከድር ነው። ከድር የአባቴ የወሎ አገር ልጅ ነው፤ መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ካለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የመብራት ሰሌዳ ይሸጥ ነበር። ሱቅ በር ላይ "እንኳን ደህና መጡ"፣ "ታላቅ ቅናሽ" እያለ በቀይ ፊደል የሚሮጠውን ማለቴ ነው። የእኔ ሥራ ጽሑፉን ኮምፒውተር ላይ ጽፎ ወደ ሰሌዳው መላክ ነበር። ደሞዙ ለታክሲና ለሳምቡሳ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ሰሌዳዎቹን የሚሠሩት ጋሼ ታደሰ ነበሩ። ራሳቸውን "ቴፕ ጠጋኝ" ነበር የሚሉት። ቴፕ ሲጠፋ ወደ ቴሌቪዥን ዞሩ፤ ቴሌቪዥኑ ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ደግሞ ቺፕ ፕሮግራም ማድረግን ኢንተርኔት ካፌ ተቀምጠው ለቃቅመው ተማሩ። የመነጽራቸው አንዱ እግር በስታኞ የተበየደ ነው። ሲሠሩ አያወሩም፤ ማውራት ካማራቸው ካቻቢቴውን ያስቀምጣሉ። "ሁለቱን አንድ ላይ የሚሠራ ሰው አንዱን ያበላሻል" ይላሉ።

ኬብል ከመሰካታቸው በፊት ጫፉን በሸሚዛቸው ይጠርጋሉ፤ ያማትባሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "አንቺም በይ እንጂ!" ይሉኛል። ቢስሚላህ እላለሁ። ይሰኩና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ኮምፒውተሩ ወደ ላይ የምትወጣ አጭር ድምፅ ካሰማ ሰሌዳውን አውቆታል ማለት ነው። ዱም ዱም ዱም ካለ አላወቀውም። ስክሪኑን አያዩም። ደንበኛ ሁሉ ይስቅባቸዋል፤ እሳቸው ግን፣ "ስክሪን ያባብላል፤ ጆሮ አይዋሽም" ብለው ይዘጉታል።

በመጀመሪያው ሳምንቴ ዱም ዱም ዱም አለብኝ። ስክሪኑ ላይ ቢጫ ምልክት ወጣ፤ ዕቃውን አላውቀውም የሚል ጽሑፍ ከጎኑ።

"ተበላሸ፣ ጋሼ።"

ካቻቢቴውን አስቀመጡ። "አልተበላሸም። ተያዥ የለውም።"

"የምን ተያዥ?"

"ከድር ሲቀጥርሽ ምን አምጪ አለሽ?"

"ተያዥ። አጎቴ መጥቶ ፈረመልኝ።"

"ባይመጣስ?"

"አይቀጥረኝማ!"

"በቃ። ድራይቨር ማለት የዕቃ ተያዥ ነው። ይሄን ሰሌዳ ኮምፒውተሩ ከየት ያውቀዋል? ከቻይና አልመጣ፣ ከአሜሪካ አልመጣ። እኔ ነኝ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሠራሁት። ተያዡንም እኔው ነኝ የምጽፍለት።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰሌዳው አንጎል ከጥፍር የማትበልጥ ቺፕ ናት። በዩኤስቢ ስትሰካ ሁለት ቁጥር ትናገራለች፤ አንዱ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ሌላው ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነች። ጋሼ በጻፉት የድራይቨር ፋይል ውስጥ እነዚያው ሁለት ቁጥሮች ካሉ፣ ኮምፒውተሩ እሺ ይልና ለእሷ የሚሆን ፖርት የሚሉት መተላለፊያ ከአየር ላይ ይፈጥራል። ፖርቱ በእጅ አይነካም፤ ግን ቁጥር አለው፤ ፖርት ሦስት፣ ፖርት አራት ይባላል። የእኛ ፕሮግራም ጽሑፉን የሚልከው ወደዚያ ቁጥር ነው። አንዲት ፊደል ከተዛነፈች ግን ኮምፒውተሩ ዘመድም አያውቅ። እኔ አንዴ በዜሮ ፈንታ ኦ የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ጽፌ ሙሉ ቀን ሰሌዳውን፣ ኬብሉን፣ ከድርን፣ ሁሉንም ስሰድብ ዋልኩ። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው አይተው፣ "እሷ ክብ ትንሽ ወፈረች" አሉ። ሄዱ። ከዚያ በኋላ ያን ፋይል የማነበው እያንዳንዱን ፊደል በጥፍሬ እየነካሁ ሆነ።

ከድር አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ ጣጣው ባሰ። አዲሱ ዊንዶውስ ተያዥ መኖሩ አልበቃው አለ። ተያዡ ራሱ የተፈረመበት፣ በትልቅ ኩባንያ የተረጋገጠ መሆን አለበት ብሎ ድርቅ አለ።

"ይሄ ኮምፒውተር ነው ቀበሌ?" አለ ከድር። "ክብ ማህተም ነው እኮ የቀረው!"

መውጫው ኮምፒውተሩ ሲነሳ አንዲት ቁልፍ ደጋግሞ እየመቱ "ፊርማ አትጠይቅ" የሚለውን መምረጥ ነበር። ግን ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ይረሳል። መርካቶ ውስጥ ደግሞ መብራት ስንቴ እንደሚሄድ የኖረበት ያውቀዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ የእኔ ጣት ያቺን ቁልፍ እንደ በርበሬ ይወቅጣት ነበር።

ሌላም ጣጣ ነበረ። ጋሼ ለእያንዳንዱ ሰሌዳ ሦስተኛ ቁጥር ይሰጡት ነበር፤ የራሱ የብቻው መታወቂያ ነው። ኮምፒውተሩ ታዲያ አዲስ መታወቂያ ባየ ቁጥር እንደ አዲስ እንግዳ ቆጥሮ ድራይቨሩን እንደገና ይጠይቃል፤ አዲስ የፖርት ቁጥርም ይሰጣል። የፖርቱ ቁጥር እየወጣ፣ እየወጣ ሄደ። ፕሮግራማችን ደግሞ ከዘጠኝ በላይ አያውቅም። ጋሼ ሁለት ቀን ሲያስቡበት ሰንብተው አንድ ጠዋት መታወቂያውን ከቺፑ ውስጥ አጠፉት። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ሰሌዳ ቢሰካ ኮምፒውተሩ ሳይጠይቅ ተቀበለ። በግራ መሰኪያ ሲገባ ፖርት ሦስት፣ በቀኝ ሲገባ ፖርት አራት። ከድር አቅፎ ሳማቸው። እኔም ከዚያ የበለጠ ብልህ ሥራ አላየሁም ብዬ ነበር።

የረመዳን ዋዜማ ላይ ሁለት የሶላት ሰዓት፣ ማለትም የሶላት ጊዜ ሲደርስ የሚጮህ ሰሌዳ፣ እንድንሠራ ታዘዝን። አንደኛው ለሕንፃችን ምድር ቤት መስገጃ ነው። ባለሱቁም፣ ተሸካሚውም፣ ገበያተኛውም እዚያ ይሰግዳል፤ በረመዳን እዚያው ያፈጥራል። መስኮት የለውም። ከጎኑ ጀነሬተር ስላለ የውጭ አዛን አይሰማም። አዛን የሚያደርጉት ሙአዚኑ አባባ ኑሪ፣ ድሮ ክር ይሸጡ የነበሩ ሽማግሌ፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለኩ መጥተው፣ "ሰማይ የሌለበት ቤት ነው ያለነው፤ ሰማይ ሥሩልን" አሉን።

ሁለተኛው ሐጂ ዑመር የሚባሉ የጨርቅ አስመጪ ለትውልድ አገራቸው ለድሬዳዋ መስጊድ ያዘዙት ነው። ሁለቱ ሰዓቶች መልካቸው አንድ ነው። የሚለያዩት በሚጫንባቸው የሶላት ጊዜ ዝርዝር ነው። ድሬዳዋ በምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ እዚያ ከእኛ ቀድማ ትጠልቃለች፤ አሥር ደቂቃ አለፍ ይላል። ሐጂ ይሄንን እንደ ራሳቸው ሀብት ነው የሚኮሩበት፤ "እኛ በልተን ስንጨርስ እናንተ ገና አፋችሁን ከፍታችሁ ሰማይ ታያላችሁ!" ይሉን ነበር።

ጎረቤታችን ያሲን፣ ጫማ ሻጩ፣ በር ላይ ቆሞ ጋሼ ሲሠሩ እያየ፣ "ሰሚራ፣ በክርስቲያን ሰዓት ልታስፈጥሪን ነው?" አለኝ።

"አንተ በቻይና ጫማ አይደል የምትሰግደው!" አልኩት።

ሳቀ። ግን ቃሉ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ጋሼ ሁለቱን ሰዓቶች ሰኩ፤ የምድር ቤቱን በግራ፣ የድሬዳዋውን በቀኝ። በየሰዓቱ ጀርባ ላይም የሚሄድበትን ቦታ በማርከር ጻፉ። ልንጭን ስንል መብራት ሄደ። ሲመጣ የሚመጣው ኃይል ቺፕ እንዳያቃጥል ኬብሎቹን ነቀልን። መብራት መጣ። ከድር፣ "ቶሎ! የመስገጃው ኮሚቴ ደጅ ቆሟል!" እያለ ይጮሃል። እኔ ቁልፏን እወቅጣለሁ። ጋሼ ጫፉን ጠረጉ፤ አማተቡ፤ "አንቺም በይ" አሉ፤ ሰኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለቱም ያቺን ወደ ላይ የምትወጣ ድምፅ አሰሙ።

"ሁለቱም ታውቀዋል። ላኪ።"

የአዲስ አበባን ወደ ፖርት ሦስት፣ የድሬዳዋን ወደ ፖርት አራት ላክሁ። በማግስቱ ጠዋት፣ በጾሙ የመጀመሪያ ቀን፣ የምድር ቤቱ ሰዓት ተሰቀለ።

የዚያን ቀን ወደ ማታ ሐጂ ዑመር ዕቃቸውን ሊወስዱ መጡ። ዝናብ ነበር። ሰዓቱን ለማሳየት አብርቼ የመግሪቡን፣ የማፍጠሪያውን ሰዓት አወጣሁላቸው። ከኪሳቸው የድሬዳዋን የጾም ሰሌዳ ካርድ አውጥተው ከሰዓቱ ጋር አስተያዩ።

"ልጄ፣ ይሄማ የእናንተ ነው።"

"የማን?"

"የአዲስ አበባ! ድሬን እስከዚህ ድረስ አስርበሽ ልትገይን ነው?" ብለው ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ካርዱን ደግሜ አየሁ። ይሄ የአዲስ አበባ ከሆነ የድሬዳዋው የት ነው ያለው?

ጋሼ አልጮሁም። ሰዓቱን ከእጄ ወስደው በግራ ሰኩት። ፖርት ሦስት። ነቅለው በቀኝ ሰኩት። ፖርት አራት። ሰዓቱ ግን ያው ራሱ ነው። እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

"ቁጥሩ የበሩ ነው" አሉ። "የሰዓቱ አይደለም። መታወቂያውን ሳጠፋበት፣ ኮምፒውተሩ በየት በር እንደገባ እንጂ ማን እንደገባ ማወቅ ተወ። እኔ ደግሞ ከመብራቱ በኋላ አቀያይሬ ነው የሰካሁት።"

ከድር ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ "ምድር ቤት ኔትወርክ የለም! የለም!" ይላል። እኔ የሱቃችንን የግድግዳ ሰዓት አየሁ። የድሬዳዋ መግሪብ ደርሷል ማለት ይቻላል። ያሲን ትናንት በር ላይ ቆሞ ያለው ቃል መጣብኝ። ሕንፃ ሙሉ ሰው ጾሙን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቢፈታ፣ ነገ በየደረጃው የሚወራው ስለ መሰኪያ አይሆንም። ስለ ጋሼ ታደሰ ሃይማኖት ነው።

ሮጥኩ።

ደረጃው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ቴምር በፌስታል፣ ሳምቡሳ በጋዜጣ፣ ውኃ በጀሪካን ይዞ። "እህት፣ ምግቡ አያልቅም፣ ቀስ በይ!" አለኝ አንዱ። ተሸካሚ ቦንዳ ይዞ መንገዱን ዘጋው፤ በክንዱ ሥር ሾለክሁ። ሁለተኛ ፎቅ። አንደኛ ፎቅ። የጀነሬተሩ ድምፅ ከታች ሲመጣብኝ የሰዓቱም ጩኸት አብሮ መጣ። እኛው ነን የመረጥነው፣ ሦስት ረጃጅም ጩኸት። ከዚያ የአባባ ኑሪ ማይክ።

"አላሁ አክበር..."

ስገባ የፊት ረድፍ እጁ አፉ ላይ ነበር።

"አትብሉ! አትብሉ!"

"ሴትዮ፣ ጫማሽን!"

"እብድ ናት እንዴ? ያዟት!"

ምንጣፉን በጭቃ ጫማዬ ረግጬ ግድግዳው ጋ ደረስኩና ኬብሉን ነቀልኩት። ሰዓቱ ጠፋ። ማይኩም ከዚያው ማከፋፈያ ስለነበር ዝም አለ። የጀነሬተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ሰው ሁሉ ቴምሩን እንደያዘ ደርቆ ያየኛል።

"ፀሐይ አልጠለቀችም!"

"ሰዓቱ ጮኸ እኮ" አሉ አባባ ኑሪ። ጉንጫቸው ውስጥ ቴምር ነበረ።

"ሰዓቱ ድሬዳዋ ነው ያለው፣ አባባ!"

አንድ ሰው ወደ ላይ ተልኮ ተመለሰ። "የትም አዛን የለም" አለ። ከኋላ ያሉት ቴምሩን አስቀመጡ። ከፊት ያሉት የት ያስቀምጡት? ዋጡት እኮ።

ያሲን ከፊት ረድፍ ተነሳ። "አላልኩም? ያ ክርስቲያን አውቆ ነው ያደረገው!"

"አውቆ ቢሆን ቀን በስድስት ሰዓት ያበላህ ነበር!" አልኩት። "ለአሥር ደቂቃ ተንኮል ማን ይደክማል?"

አንድ ሁለት ሰው ሊስቅ ብሎ ተወው። ያሲን ወደ እኔ ሲመጣ በሩ ላይ ጋሼ ታደሰ ታዩ። ትንፋሻቸው ተቆርጧል። እኔ በጫማዬ ምንጣፉ መሀል ቆሜያለሁ፤ እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ደፉ ላይ ናቸው።

"እሷን ተዋት። የእኔ ሥራ ነው" አሉ። "አውቄ አይደለም። ሥራ ላቅልል ብዬ ከሁለቱ ሰዓቶች መታወቂያ ነጠቅሁ። ከዚያ ራሴ አምታታኋቸው። ሌላ ሰው የለበትም።"

ከድር ከኋላቸው ደርሶ እጃቸውን ይጎትታል፤ "ጋሼ፣ አሁን ይውጡ፣ በኋላ በሽማግሌ እንነጋገራለን" ይላል። አልወጡም።

አባባ ኑሪ ቴምሩን ከአፋቸው አውጥተው መሀረባቸው ውስጥ ጠቀለሉት። "እኔም በልቻለሁ" አሉ። "የበላ ሁሉ አፉን ይያዝ። ከዒድ በኋላ አንድ ቀን ጾሞ ቀዷውን ያወጣል፤ እኔም አወጣለሁ።"

"እሱስ?" አለ ያሲን። "በነፃ ሊሄድ ነው?"

"ካሳ አለበት" አሉ አባባ ኑሪ። "ታደሰ፣ ስማ። ሰማይ ሥራልን ብዬህ ነበር፤ አበላሸህ። እንግዲህ ሰማያችን አንተ ነህ። ከዛሬ ጀምሮ የመግሪብ ሰዓት ሲቃረብ ደረጃው አናት ላይ፣ መንገዱ ዳር ትቆማለህ። የውጭውን አዛን ስትሰማ ወደ ታች ትጮህልናለህ።"

"እስከ መቼ?"

"ጨረቃ እስክትታይ።"

ጋሼ ጫማቸውን እንደያዙ ደረጃውን ወጡ። ያን ቀን ገና ጥቂት ደቂቃ ይቀር ነበር። እኔ ምንጣፉን በመሀረቤ እጠርጋለሁ፣ ያሲን ጀርባውን ሰጥቶኛል። ከዚያ ከላይ፣ የጀነሬተሩን ድምፅ አልፎ፣ የማያምር ድምፅ መጣ።

"ብሉ!"

ምን ብለው መጥራት እንዳለባቸው የነገራቸው አልነበረም። የመጣላቸው ያ ነው።

በማግስቱ ለሁሉም ሰሌዳ መታወቂያውን መለሱለት። ፕሮግራሙንም ከዘጠኝ በላይ እንዲቆጥር እንደገና ጻፉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰሌዳ ስንጭን አንድ በአንድ ነው፤ ድምፁን መስማት ብቻ አይበቃቸውም፤ "ማን ነህ?" ብለው ስክሪኑ ላይ ቁጥሩን ያነባሉ፤ እኔም ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ሁለታችን ካልተስማማን አይላክም። ያንን ከእሳቸው ተማርኩ። ጥቂት ዓመት ሠራሁበት። በኋላ ከቻይና በስልክ የሚጻፍባቸው ሰሌዳዎች መጡ፤ ድራይቨር አይጠይቁ፣ ኬብል አይፈልጉ። ጋሼ ዓይናቸው ደከመና ቤታቸው ገቡ። ከድር ሱቁን የስልክ ሽፋን መሸጫ አደረገው። አንድ ወር ሸጥኩ፤ መቀመጥ አልቻልኩም፤ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ።

ካሳውን ግን ጋሼ አንድ ቀን አላጓደሉም። ክረምት ነበር፤ ጃንጥላ ይዘው ደረጃው አናት ላይ ይቆማሉ፤ አላፊ አግዳሚው "ጋሼ፣ ሰለሙ እንዴ?" ይላቸዋል፤ "ዝም በል፣ ልሰማበት" ይላሉ። የምድር ቤቱ ሰዓት ታርሞ ተመልሶ ተሰቅሏል፤ ልክ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው በየቀኑ ከካርዱ ጋር ያመሳክሩታል።

በረመዳኑ የመጨረሻ ማታ ለሴቶቹ ክፍል ውኃ ላቀብል ወርጄ ነበር። ሰዓቱ ጮኸ፤ ሦስት ረጃጅም ጩኸት፤ በትክክለኛው ደቂቃ። አባባ ኑሪ ማይኩን አላነሱም። ከፊት ረድፍ ያሲን ቴምሩን ይዞ ወደ ደረጃው ያያል። ማንም አልነካም። ከላይ ድምፅ የለም። ቆየ። በኋላ ጋሼ ታደሰ ራሳቸው እየተቆጡ ደረጃውን ወረዱ፤ ጃንጥላቸው ውኃ ያንጠባጥባል።

"ሰዓቱ ጮኸ አይደል እንዴ? ላይ ድረስ ሰማሁት! ልክ ነው! ከእንግዲህ የእኔ ጩኸት ለምናችሁ ነው? ምን ትጠብቃላችሁ?"

"አንተን" አሉ አባባ ኑሪ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። በእርጥብ ሸሚዛቸው ሊጠርጉት ሞከሩ፤ ባሰበት። ከዚያ ሰዓቱን ሳይሆን ያሲንን እያዩ፣ ጩኸት በሌለው ድምፅ፣

"በሉ፣ ብሉ" አሉ።